ቀስ ተብሎ የሚሳብ ብረት

እናቴ ስለ ሥራዬ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ከቀለጠ እርሳስ አጠገብ እንደምትውል። የቀረውን ላስረዳት የሞከርኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ እሷ ግን እርሳስ የሚለውን ቃል ከሰማች በኋላ ሌላው ጆሮዋ አይገባም። ልጅ ሳለች፣ ጎንደር ገጠር ውስጥ፣ አንድ ጎረቤታቸው ለጥይት የሚሆን እርሳስ ሲያቀልጥ ጠብታው ዓይኑ ላይ ፈንጥቆበት ሲጮህ ሰምታለች። ይህን ይህን አይታ ወልዳ አሳድጋ፣ ስንቱን አገር አቋርጣ ኢየሩሳሌም ስትገባ፣ ልጇ ሄዳ ሄዳ እርሳስ ቤት ተቀጠረች።

«እኮ ለምንድን ነው የምታቀልጡት?» ትለኛለች።

«ማቀዝቀዣ ነው፣ እማ።»

«የቀለጠ እርሳስ ማቀዝቀዣ?»

«ከእሱ የባሰ የሚሞቅ ነገር አለ። እሱን ያቀዘቅዛል።»

«እሳት በእሳት ይቀዘቅዛል ብለው ነው ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማሩሽ?»

እኔ እስቃለሁ። እሷ አትስቅም። አንድ ጊዜ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ቤት ገብቼ ነበር። ያቃጠለኝ እርሳሱ ሳይሆን የዕቃ ማድረቂያው ምድጃ በር ነው፤ ኬክ የሚጋግር ሰው ሁሉ የሚደርስበት ዓይነት ቃጠሎ። ብነግራት አላመነችኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሥራ ስመለስ ከሰላምታ በፊት ሁለቱን እጆቼን ትይዝና ጣቶቼን አንድ በአንድ ትዳስሳለች። ሙሉ መሆናቸውን ስታረጋግጥ ነው እንዴት ዋልሽ የምትለኝ።

የምሠራው እዚሁ ከተማ፣ ምድር ቤት ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። በውሃ ፋንታ በቀለጠ እርሳስ፣ ወይም ቢስሙዝ ከሚባል ሌላ ብረት ጋር በተቀላቀለ እርሳስ፣ እንዲቀዘቅዙ የታሰቡ የኑክሌር ማመንጫዎች አሉ። እርሳሱ የሚፈስበት ቧንቧ አረብ ብረት ነው። የእኛ ጥያቄ ያ ብረት እስከ መቼ ይችላል የሚል ነው። ብረቱ እርሳስ ውስጥ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። እርሳሱ ውስጥ ትንሽ ኦክስጅን እስካለ ድረስ ብረቱ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ያወጣል። ዝገት ነው፤ ግን የሚጠብቅ ዝገት ነው። እርሳሱ ያን ቆዳ አልፎ በቀላሉ ብረቱን አይነካውም። መዘዙ የሚመጣው ብረቱ ሲወጠር ነው። ቧንቧ ደግሞ መወጠሩ አይቀርም፤ ክብደት አለበት፣ ግፊት አለበት፣ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይሳባል። ሲሳብ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ እርሳሱ በዚያች ስንጥቅ ይገባና ራቁቱን የቀረ ብረት ያገኛል። ያኔ ሌላ ቦታ ቢሆን ሲጎትቱት የሚለጠጠው ብረት እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ ይላል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የፍጥነቱ ነገር ነው። ናሙናውን ቶሎ አድርገው በኃይል ቢስቡት እርሳሱ ለመግባት ጊዜ አያገኝም፤ ብረቱ እንደ ባሕርዩ ተለጥጦ ይበጠሳል። የሚከፋው ቀስ ብለው፣ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ሲስቡት ነው። ስለዚህ ማሽናችን ቀስ ብሎ ይስባል። ለቀናት ይስባል። የእኛ ሥራ መጠበቅ ነው።

አክስቴ ጎንደር ላይ የሞተች ጊዜ ዜናው መጀመሪያ የደረሰው ከከተማው ማዶ፣ ጊሎ ሰፈር ለሚኖሩት ለእናቴ የአጎት ልጅ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከወንድም ከእህት የቀረቻትም እሷ ብቻ ነበረች። እኛ ስንመጣ እሷ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ዛሬ ነገ ሲባል፣ ወደ እስራኤል የመምጫ ተራዋን ስትጠብቅ አርጅታለች። እናቴ «እህቴ ስትመጣ» ብላ የማትጀምረው ወሬ አልነበራትም። እህቷ ስትመጣ የምትተኛበትን አልጋ ታውቀዋለች። ስትመጣ የምትለብሰው ካፖርትም ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ ወፍራም፣ ቡናማ፣ የሱቁ ወረቀት እንኳ ያልተነሳለት። የኢየሩሳሌም ብርድ ለእንግዳ ይከብዳል ብላ ነው የገዛችው፤ ያደጉበትን የደባርቅን ብርድ የረሳች ይመስል።

ጋሼ ጊሎ ድረስ አስጠርተው፣ አስቀምጠው ነገሩኝ። እኔም አለቀስኩ፤ እትዬ የምላትን አክስቴን በአካል ያየኋት ሕፃን ሳለሁ ብቻ ነው፣ የቀረው በስልክ ነው፤ ግን ድምጿን እወደው ነበር። ካለቀስኩ በኋላ ጋሼ ዋናውን ነገር አነሱ። እናቴ በዚያው ሰሞን የልቧ ደም ሥር ጠቦ ሆስፒታል ገብታ ተከፍቶላት፣ ገና ማገገሟ ነበር። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል። ስለዚህ የዘመድ ሽማግሌዎች ተማክረው መርዶው እስክትጠነክር ይቆይ ብለዋል።

«እስከዚያው ታማለች እንላታለን» አሉ ጋሼ። «ዛሬ ትንሽ አሟታል። ቀጥሎ ጠንቶባታል። እንዲህ እንዲያ እያልን ልቧን እናዘጋጃለን።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቀስ ብሎ መሳብ ነው።»

ስለ ብረቱ ነገርኳቸው። ስለ ቆዳው፣ ስለ ስንጥቁ፣ ቀስ ሲሉ እንደሚብስ። ሽማግሌ ናቸውና በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አሁን እናትሽ ብረት ናት?»

«ብረት እንኳ አይችለውም ነው የምለው።»

«በሴደር፣ ይሁን። እንግዲያው ዛሬ ሂጅና አንች ንገሪያት» አሉኝ።

ሐኪሙ ሲናገር አጠገቡ ቆሜ ነበር። እናቴ እጄ ላይ ብትቀር ብዬ ፈራሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ የሚነገራት ቀን እኔ ከጎኗ እንድሆን፣ እጇን ይዤ እንድትሰማ። ለእህቷ የምታለቅስበት ሰዓት ያለ እኔ እንዳይሆን።

«ያለ አንችማ እንዴት ተደርጎ!» አሉ ጋሼ። አመንኳቸው።

ያ ሰሞን ክፉ ነበር። እናቴ ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ ለእህቷ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ስልኩን ጎንደር ላይ የያዘችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ እንዳትመልስ ለምነናታል። እናቴ መልሱን ትጠብቅና «ምነው ዝም አለች?» ትለኛለች። ኔትወርክ የለም እላለሁ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል እላለሁ። ጋሼ ደግሞ ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር አንድ ነገር ጠብ ያደርጉና ይሄዳሉ። መጀመሪያ እህትሽን ሆዷን አሟታል አሉ። በሚቀጥለው ረስተው እግሯን አሉ።

«ሆዷን አልነበር?» አለች እናቴ።

«ሁለቱንም ነው» አሉ ጋሼ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅበት ነበር። እናቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ ትታ ቁጭ አለች። እንቅልፍም ተዋት። ጠዋት ስነሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኛታለሁ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየከሳች ሄደች፤ እኛም ይህን ማዘጋጀት አልነው።

ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ከሰፈራችን ከቂርያት ሃዮቨል አውቶቡስ ይዛ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ኢትዮጵያ ጎዳና የመውረድ ልማድ ነበራት። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አትገባም፤ እኛ አይሁድ ነን። ከግቢው ውጭ ግን፣ ከከፍተኛው የድንጋይ አጥር ሥር ጥላ ያለበት ቦታ አለ፤ እዚያ ከአንዲት እማሆይ ጋር ትቀመጣለች። እማሆይ ያደጉት ከእናቴ መንደር ወንዝ ማዶ ነው። አገር ቤት ቢሆን አንዳቸው ከሌላው ቤት እህል አይቀምሱም ነበር፤ መነካካትም አልነበረም። እዚህ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የዚያን ወንዝ ሙላት ያወራሉ። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ አልሄደችም፤ ግን በዚያ ሰሞን ሐኪሙ ተሽሎሻል፣ መንቀሳቀስ ትችያለሽ ብሏት ስለነበር መሄዷ እንደማይቀር አውቄያለሁ። የጎንደር ወሬ ደግሞ እማሆይ ዘንድ ይደርሳል።

ስለዚህ ቀድሜ ሄድኩ። ግቢው በር ላይ ጠብቄ አገኘኋቸው፤ ገና ሲያዩኝ እንደሰሙ ፊታቸው ላይ አነበብኩ።

«እማሆይ፣ እናቴ ብትመጣ አደራዎን እንዳይነግሯት።»

«እኔ መርዶ ነጋሪ አይደለሁም፣ ልጄ። አልነግራትም።» ቀጥለውም «ግን እህቴ ደህና ናት ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ ደህና ናት ብዬ አልዋሽም። ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ካልኩ ደግሞ ታውቃለች» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እዚያው መንገዱ ላይ፣ በሁለቱ አጥሮች መካከል እየሄድኩ ለጋሼ ደወልኩ። እሳቸውም ነገሩ እንዳከተመለት ገባቸው። ምግብም እንቅልፍም ስላጣች በዚያ ሐሙስ ትወጣለች ብለን አልጠበቅንም፤ ሐኪሙም ተሽሏታል ስላለ፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ይዘው እንዲመጡ ተስማማን። እሑድን ከሥራ አስፈቀድኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሁሉ የማስበው እጇን በየትኛው በኩል እንደምይዝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እናቴን ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ጥሏት አገኘኋት። መቀስቀስ አሳዘነኝ። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። በማለዳ የወጣሁት ማሽኑ ለቀናት ሲስበው የቆየው ናሙና የሚሰበርበት ጊዜ ስለደረሰ ነው። ወደዚያ ክፍል ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ በሩ አጠገብ ባለው ሳጥን ቆልፈንበት እንገባለን። እኔም ቆልፌበት ገባሁ።

እኔ ከወጣሁ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ቆይቼ ነው። እናቴ ነቃች። እንቅልፉ ጥሩ አድርጓት ኖሮ ወደ ጊሎ ደውላ ለጋሼ ሚስት «ዛሬ ቀሎኛል፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ልወርድ ነው፣ እማሆይ የእህቴን ወሬ ሳይሰሙ አይቀሩም» አለቻቸው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ እሑድን የሚጠብቅ ልብ አጡ። መንገድ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ከምትሰማ ቤቷ ትስማ አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች አስነስተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ታክሲ ውስጥ ገቡ። ለእኔ ደጋግመው ደወሉ። ስልኬ ሳጥኑ ውስጥ ጮኸ።

እኔ በዚያን ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን መስመር አፍጥጬ እያየሁ ነበር። መስመሩ ሲወጣ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት ቁልቁል ወረደ። ብረቱ ተሰበረ። እርሳሱ ባይኖር ኖሮ ሊችለው ከሚገባው እጅግ በቀነሰ ጉተታ ተሰበረ፤ እንደገመትነው። ደስ አለኝ። ያን ደስታ ዛሬም ማንሳት አልወድም፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ የባልደረባዬንም እጅ ጨብጫለሁ።

ስወጣ ስልኬ በጋሼ ጥሪ ተሞልቷል። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አውቶቡሱ አልሄድ አለኝ። ደረጃችን ሥር ስደርስ የሰው ጫማ ሞልቶታል፤ የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እናቴ ወለሉ ላይ በሴቶች መካከል ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች። አላቀፈችኝም። እጆቼን ያዘችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ፊቴን። ከዚያ ክንዴን። ሐዘን ያመጣው መስሎኝ እጆቼን ተውኩላት።

ሽቫ፣ የሰባት ቀኑን ሐዘን፣ ተቀመጥን። ሰባቱን ቀን ሙሉ እናቴ አላለቀሰችም። ከመላው አገር የመጡ ዘመዶች ፊቷን እያዩ «እግዚአብሔር ብርታቱን ሰጥቷታል» ይሉ ነበር። ካፖርቱን አይተው ሲያለቅሱ እሷ ታባብላቸዋለች። እኔ ያን ብርታት አልወደድኩትም። ቆዳ ብቻ ነበር የማየው። ጋሼ ደግሞ ጥግ ይዘው ቀና ብለው አያዩኝም። ቃላቸውን አጥፈው ያለ እኔ ስለነገሯት ያፈሩ መሰለኝ፤ እኔም ተቀይሜ ነበርና እንደ ማንም የለቅሶ እንግዳ እንጂ እንደ ዘመድ አላየኋቸውም። በአንዲት ቃል እንኳ አላነጋገርኳቸውም።

እንግዶቹ ሁሉ በሄዱ ማግስት ከሰዓት በኋላ እናቴ ካፖርቱን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ አልጋ ላይ ታጥፈዋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

«ተይው፣ እማ። እኔ አጥፈዋለሁ።»

«ያን ዕለት» አለች፣ ሳትዞር። «በሩ ሲንኳኳ ከፈትኩ። ሦስቱም ቆመዋል። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዞሬ አልጋሽን አየሁ። የለሽም። ሳትሰናበችኝ ሄደሻል። እርሳሱ በላት አልኩ። ያ የጎረቤታችን ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ጋሼሽ ደግፎኝ 'እህትሽ' አለ። 'እህትሽ ጎንደር ላይ አርፋለች' አለ።» ካፖርቱን ለቀቀችው። «ተመስገን አልኩ።»

«እማ...»

«ተመስገን አልኩ፣ ልጄ። እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እህቴ ሞተች ሲሉኝ!»

«ደንግጠሽ እኮ ነው። ማንም እናት ቢሆን...»

«አውቃለሁ። ሦስቱም ሰምተዋል፣ ሦስቱም ዝም አሉልኝ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ በየትኛው አፌ ላልቅስላት? ሰው ሲያለቅስላት አፍራለሁ።»

ጋሼ ለምን ቀና ብለው እንዳላዩኝ ያኔ ገባኝ። የእናቴን ገመና ይዘው ነው ሰባት ቀን አንገታቸውን የደፉት፤ እኔ ደግሞ ስቀየማቸው ከረምኩ። ሌላም ነገር ገባኝ። እነዚያን ሳምንታት ሁላችንም በእህቷ በኩል ስንስባት ነበር፤ በዚያ በኩል ትሰነጠቃለች ብለን ስንጠነቀቅ። እሷ የተሰነጠቀችው በእኔ በኩል ነው። በዚያ በኩል ማንም አልጠበቃትም።

ላቅፋት ስጠጋ በእጇ ገታችኝ።

«እኔ የእህቴን መርዶ አልሰማሁም» አለች። «የሰማሁት ያንችን ነው። ያንች ደግሞ ውሸት ሆነ። የእሷ ሳይነገረኝ ቀረ።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። «አንች ንገሪኝ። እንደ ሥርዓቱ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። እህል አልቀመስኩም። የእሷን ነጠላ ለበስኩ፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄ። ወደ ደረጃው ወጥቼ በሩን ከውጭ ዘጋሁት። የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

ከፈተች። ሻሿን አስራለች፤ የክት ልብሷን ለብሳለች። መጀመሪያ ያየችው እጆቼን ነው። ሁለቱንም ዘርግቼ ሰጠኋት። ጣቶቼን ዳሰሰች፤ ጨረሰች፤ ጠበቀች።

«እማ፣ እኔ ደህና ነኝ» አልኳት። «ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ። እትዬ አረፈች። እህትሽ ሞታብሻለች፣ እማ።»

ከእናቴ የወጣው ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነው። እህቷን በልጅነት ስሟ ጠራቻት፤ እንዲህ ያለ ስም እንደነበራት እንኳ አላውቅም ነበር። ደረቷን መታች። በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና ወንዙን፣ አብረው የተሸከሙትን ውሃ፣ ያልተለበሰውን ካፖርት እያነሳች አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩ። በግራ በኩል ነበር የያዝኩት።

ከላይኛው ፎቅ አዲስ የገባች ጎረቤታችን ውሻዋን ይዛ ስትወርድ እኛን አይታ ደረጃው ላይ ቀረች። ደንግጣ በዕብራይስጥ ምን ሆናችሁ አለችኝ።

«የእናቴ እህት ሞተች» አልኳት።

«አዝናለሁ። መቼ?»

«ዛሬ» አልኳት።